ጠዋት ስልክ የማላነሳበት ምክንያት

ሶዶ፣ ነሐሴ 4 ቀን

ለታላቅ እህቴ፣ በዴሳ

ሳሮ ሳሮ እትዬ! እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ እንደሚብስብሽ ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ነው የምጠይቀው። ገበያ ስትውዪ እርጥብ መሬት ላይ እንዳትቀመጪ፤ ያቺን ዱካ የገዛሁልሽ ቤት እንድታስቀምጫት አይደለም። ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? የጸሎት ኅብረቱ እናቶች፣ ጎረቤቶችሽ፣ ያቺ አጥር አላስቆም ያላት ላምሽ፣ ሁሉም ሰላም ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ ብቻ ባልፍ ግን ዋሸሁሽ ማለት ነው። ደስ ብሎኛል እትዬ! ከትናንት ጀምሮ መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም። ቆይ፣ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

የላክሽው ዳጣ ደርሶኛል። ሶፍያን ታውቂያታለሽ፣ ያቺ ከደሴ ተመድባ የመጣችው የቢሮ ጓደኛዬ። አንድ ጊዜ በዳቦ ቀመሰችውና እንባዋ በጉንጯ እየወረደ «ወላሂ ይሄ ሰው ይገድላል!» አለች። ከዚያ ግማሹን በብልቃጥ ገልብጣ ይዛው ሄደች።

ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን በስልክ ስናወራ አንቺ ጋ ገበያተኛ ይመጣል፣ እኔ ጋ በር ይንኳኳል፣ ኔትወርኩም የራሱ ጉዳይ አለው፤ ግማሹን ሳንነጋገር «በቃ ቻው ቻው» እንባባላለን። ይሄኛው ወሬ ግማሽ ሆኖ እንዲደርስሽ አልፈለግኩም። በወላይትኛ ልጽፍልሽም አስቤ ነበር፤ የላቲኑ ፊደል ዓይኔን ያመኛል የምትይው ትዝ ብሎኝ በተማርንበት በአማርኛ አደረግኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ፤ የዳሞታ ተራራ ጉሙን ለብሶ ግማሹ ብቻ ይታያል።

መቀየምሽን ሰምቻለሁ እትዬ። ባለፈው ሳምንት ከናንተ ዘንድ የመጣችው የመጋቢው ባለቤት በእሑድ ፕሮግራም መውጫ ላይ ያዘችኝና «እህትሽ በጣም አዝናብሻለች፤ ሹመት እንኳ ሳታገኝ ስልክ ማንሳት ተወች፣ ቢያገኝ ምን ልትሆን ነው ትላለች» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቤት ስደርስ ግን አለቀስኩ። እውነትሽን ነውና። ከጥር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስትደውዪ ስልኬ ዝግ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እህልሽን ዘርግተሽ እንደጨረስሽ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ «ቁርስ በላሽ ወይ?» ብለሽ ደውለሻል። እናታችን ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያንቺን ደብተር ዘግተሽ የኔን የገዛሽልኝ አንቺ ነሽ። አንቺን የምዘጋ ሰው አይደለሁም። ምክንያቱን ስትሰሚ ራስሽ ትፈርጃለሽ።

ሥራዬን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ፈተና ክፍል ነው የምሠራው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም ከየትምህርት ቤቱ በወረቀት ይመጣል፤ እኔ አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ፤ ዝርዝሩ ወደ ላይ ይላካል፤ በዝርዝሩ ላይ ስሙ ላለ ልጅ አድሚሽን ካርድ ይታተምለታል። ስሙ የሌለ ካርድ የለውም። ካርድ የሌለው አይፈተንም። ይኸው ነው ሥራዬ። ቀላል ይመስላል።

ግን ክፍሌን አይተሽዋል። የፎቁ ብቸኛ ፕሪንተር እኔ ጋ ነበር። ማህተሙም እኔ ጋ ነበር። ኢንተርኔቱም ከሁሉ የተሻለ የሚይዘው በኔ መስኮት በኩል ነው፣ ስለዚህ ስልኩን ይዞ ከኋላዬ የሚቆም አይጠፋም። ሁሉም የሚገባው «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ ነው። እኔም ሰው ፊት መንሳት አላውቅም፤ አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ።

አሁን አንቺን ደብቄ አንድ ዓመት ያህል የያዝኩትን ነገር ልንገርሽ።

አምና ሰኔ፣ ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሰው ወደ ቢሮዬ መጣ። ሶርሳ ይባላል፤ ከተበላ ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር ነው፣ ሚኒባስ እስከሚያገኝ ድረስ በሌሊት ተነስቶ በእግሩ መጥቷል። ጫማው በአቧራ ቀይ ሆኗል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆመና በወላይትኛ፣ በጣም በትሕትና፣ «ልጄ ማክዳ ካርድ አልመጣላትም። እሷ ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ስሟ የት ሄደ?» አለኝ።

ስሟ የት ሄደ። ልክ እንዲህ ነው ያለው። እኔ ስሙን የደበቅኩበትን አውቄ እንደምመልስለት ዓይነት ነበር የሚያየኝ።

ኃላፊያችን አቶ ኤልሳዕ ወደ ላይ ደወሉ፤ መዝገቡ ተዘግቷል፣ አይቻልም ተባለ። «ትምህርት ቤቱ ሳይልክ ቀርቶ ይሆናል» አሉትና አጽናንተው ሸኙት። ሰውየው አልጮኸም፣ አልተሳደበም። አመስግኖ ወጣ። እሱ ከወጣ በኋላ የትምህርት ቤቱን ወረቀት ከካቢኔው አወጣሁት። ማክዳ ሶርሳ። ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፋለች። አስገብቼ የጨረስኩት ስም አጠገብ በእርሳስ ራይት አደርጋለሁ፤ ሃያ ሁለት ላይ ራይት አለ፣ ሃያ አራት ላይ አለ። ሃያ ሦስት ላይ የለም።

ያን ገጽ ሳየው ያ ጠዋት እንዳለ መጣብኝ። ሃያ ሁለተኛውን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ስልኬ ጮኸ። የደወለልኝ ሰው ስንት ዓመት የጸለይንበትን የምሥራች ነገረኝ። ከወንበሬ ተነስቼ እልል አልኩ! ሶፍያ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ከጎረቤት ክፍል ሮጣ መጥታ አብራኝ እልል አለች፤ ኮሪደሩ በሙሉ ሰው ሆነ፤ ሻይ ጋበዝኳቸው። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩና ቀጣዩን ስም ጻፍኩ። ቀጣዩ መስሎኝ።

የደወለው ማን እንደሆነ እዚህ ላይ አስፈላጊ አይደለም። የምሥራቹ ዛሬም የምሥራች ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስልኩን ከመንሳቴ በፊት ጣቴን ሃያ ሦስት ላይ ማድረግ እችል ነበር።

ወረቀቱን መልሼ ካቢኔው ውስጥ ከተትኩትና ለማንም አልተናገርኩም። ይኸውልሽ፣ እህትሽ ይህችን ታህል ናት። ፈራሁ። ልጅቷ ዓመቷ ተቃጠለ። በኋላ እንደሰማሁት አጎቷ አዲስ አበባ ሰው ቤት ላስገባት ብሎ አባቷን ይወተውት ነበር። እኔ በየእሑዱ መዝሙር እየዘመርኩ ያቺን ልጅ አስባታለሁ። አንቺም ስትደውዪ «ምነው ድምፅሽ?» ትዪኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው እልሽ ነበር።

በጥር የዚህ ዓመት ስም መምጣት ጀመረ። እንደ አምናው ከሠራሁ ሌላ ማክዳ እጥላለሁ አልኩ። ስለዚህ አንድ ቀን ምን እንደሚያቋርጠኝ ልቁጠር ብዬ ባዶ ወረቀት ከጎኔ አስቀመጥኩ። ሥራዬን ያስጣለኝ ነገር በመጣ ቁጥር አንድ ጭረት። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ስንት ጭረት እንደሆነ ገምቺ። አርባ አንድ! አሥራ ሁለቱ ፕሪንተር ፈላጊ፣ ዘጠኙ ማህተም፣ ሰባቱ ሰላም ሊለኝ የገባ፣ ስድስቱ ስልክ፣ ሁለቱ አቶ ኤልሳዕ ጠርተውኝ ለምን እንደጠሩኝ የረሱት ነው። የቀረውን ተዪው። ሶፍያን ጠርቼ ወረቀቱን ሳሳያት «እኔ ስንት ነኝ?» አለች። አምስት ናት። በጣም አፈረች፤ ይቅርታ ልትለኝ ከሰዓት በኋላ ለስድስተኛ ጊዜ ገባች።

ከዚያ ጦርነት ጀመርኩ ልበልሽ። ፕሪንተሩን ወደ ኮሪደሩ ማውጣት ፈለግኩ። የንብረት ማዘዋወሪያ ቅጽ ሙይ ተባልኩ። ለአራት ሜትር! ሞላሁ። ገመዱ አጠረ፤ ከቤቴ የማስረዘሚያ ገመድ አመጣሁ። ማህተሙን ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ከስምንት እስከ አሥር፣ ሶፍያ እንድትመታ አስማማሁ። ደንግጠሽ ይሆናል፤ ጠዋት ማህተም የሌለበት ቢሮ ማን አይቷል? በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ከሰዓት መምጣት ለመደ።

ትልቁ ጭንቀት በሩ ነበር። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት በሬን ዘግቼ፣ ስልኬን አጥፍቼ ስም ብቻ ላስገባ አልኩ። ሁለት ሰዓት ብቻ! በመጀመሪያው ቀን በሬ ሲንኳኳ ዋለ። በሁለተኛው ቀን «ታመመች እንዴ?» ተባለ። በሦስተኛው ቀን «ኮራች» ተባለ። ደክሞኝ ልተወው ስል ያዳኑኝ ማን መሰሉሽ? ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ፎቁን የሚያጸዱት እናት። ወለሉን እየወለወሉ ቀና አሉና «አንቺ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ወረቀት ፈልጎ አይደለም የሚገባብሽ። ጠዋት አቀርቅረሽ ሰላም ሳትይው ታልፊዋለሽ፤ እሱ ምን ሆነች ብሎ ይመጣል። አንቺ ቀድመሽ ብትሄጂስ?» አሉኝ።

እትዬ፣ ስንት ስልጠና ወስጃለሁ፤ ይህን የነገረኝ ግን አልነበረም። በማግስቱ በሁለት ሰዓት ገባሁና አሥራ አንዱንም ክፍል ዞርኩ። የእያንዳንዱን እጅ ጨብጬ ልጁን፣ ሚስቱን፣ የታመመ ካለው በሽተኛውን ጠየቅኩ። ጉዳይ ያለው እዚያው ነገረኝ። በመጨረሻም «ከሦስት እስከ አምስት ስም ላይ ነኝ፣ ከአምስት በኋላ የናንተ ነኝ» እያልኩ ተመለስኩ። በዚያን ቀን ሰላም ለማለት የገባ አንድም ሰው የለም! አንድም! በሁለት ሰዓት ውስጥ መቶ አርባ ስም አስገባሁ። ደስታዬ! ወይዘሮ ወርቅውሃን አቀፍኳቸው፣ መወልወያውን እንደያዙ።

እሳቸውም በዚህ አላበቁም። ሥራቸውን ሦስት ሰዓት ላይ ስለሚጨርሱ ከበሬ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ደብተር ይዘው መቀመጥ ጀመሩ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ፊደላቸው ትልልቅ ነው። ደብተሩን አምስት ሰዓት ላይ ሳነበው በሳቅ እሞታለሁ። «ሰውዬ፣ ባርኔጣ ያለው። ማህተም። ስምንት ሰዓት ይመለሳል።» «ሴትዮ፣ ከሻንቶ። የልጇ ሰርተፍኬት። አልቅሳለች፣ ሶፍያ ጋ ወሰድኳት።» «አቶ ኤልሳዕ። ጉዳይ የላቸውም።»

በየካቲት ግን ነገር መጣ። ከአንድ ወረዳ የመጡ ሹም አርባ ደቂቃ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁና ተቆጡ፤ አቶ ኤልሳዕ ጋ ገብተው ጮኹ። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ተሰበሰብን። አቶ ኤልሳዕ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸው ነው ትልቁ። «ቢሮ የሕዝብ ነው። በር ተዘግቶ የሚዋለው መኝታ ቤት ነው» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም እንደ ልማዴ «እሺ ይስተካከላል» ብዬ ልቀመጥ ነበር። እግሬ ግን አልታጠፍ አለ።

ተነሳሁና ተናገርኩ። የአምናውን ተናገርኩ እትዬ። ሶርሳን፣ ኮፍያውን፣ ሃያ ሦስተኛውን ተራ። «ትምህርት ቤቱ ልኳል። የጣልኳት እኔ ነኝ። ስልክ አንስቼ፣ ተደስቼ፣ አንድ መስመር ዘለልኩ። ይህች ልጅ ዘንድሮ ስሟ እንደገና መጥቷል፤ ሳስገባ ማንም እንዳይጠራኝ እፈልጋለሁ። በሩን የዘጋሁት ለዚህ ነው» አልኩ። አቶ ኤልሳዕ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን ያኔ አልተናገርሽም?» አሉ። «ፈራሁ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

በማግስቱ ሁለት ደብዳቤ ጻፉልኝ። አንደኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያዬ! ሁለተኛው ደግሞ «ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የፈተና ክፍል በር እንዲዘጋ ተፈቅዷል» የሚል ነው። ሶፍያ ማስጠንቀቂያው ላይ ማህተም አልመታም ብላ አለቀሰች፤ ነጥቄ ራሴ መታሁት። ሁለቱንም ቤቴ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቅያቸዋለሁ፤ ስትመጪ ታያቸዋለሽ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም! ማስመሪያ ከስሙ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ስሙ ሳያልቅ ቀና አልልም። ከሰዓት በኋላ ሶፍያ ከወረቀቱ እያነበበች እኔ ከኮምፒውተሩ አረጋግጣለሁ። የኛን ስሞች በደሴ አንደበት ስታነባቸው መስማት አለብሽ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ስም፣ መዝገቡ ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አለቀ! ጊዜ ስለተረፈን ከየትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር አስተያየነው፤ ከመጀመሪያውም ወረቀት ላይ ሳይጻፉ የቀሩ አሥራ አራት ልጆች ተገኙ። አሥራ አራት! አምና እንደነዚህ ያሉት ስንት እንደነበሩ ማሰብ አልፈልግም።

የማክዳን ስም ያስገባሁት ማክሰኞ ቀን ነው። ጸጥታ ነበር። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እያንዳንዱን ፊደል እየጠራሁ ጻፍኩት። ራይት አደረግኩ። ከዚያ ተነስቼ በመስኮቱ ትንሽ ቆምኩና ወደ ሃያ አራተኛው፣ አይ፣ ወደሚቀጥለው ስም ሄድኩ። አየሽ፣ ዛሬም የአምናው ቁጥር ከአፌ አይጠፋም።

አሁን የትናንቱን! ትናንት ዓርብ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ውጤት ወጣ። እኔ በር ዘግቼ የሚቀጥለውን ዓመት ፋይል ሳዘጋጅ፣ ከውጭ ጩኸት እሰማለሁ። ሶፍያ ናት፤ «ውጤት ወጥቷል! ክፈቺ!» ትላለች። ወይዘሮ ወርቅውሃ ደግሞ በሩን በጀርባቸው ደግፈው «አምስት ሰዓት ሲሆን» ይላሉ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የራሷ ጉዳይ ነው!» «የሁሉም ሰው ጉዳይ የራሷ ነው። ተቀመጪ፣ ደብተር ላይ ልጻፍሽ።» እኔ ከውስጥ ልቤ እየዘለለ፣ ሕጉ የኔ ስለሆነ ማፍረሱን ፈራሁት፤ አሥር ደቂቃ ታገስኩና ራሴ በሩን ከፈትኩት። የቀረኝን ሠላሳ ደቂቃ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ማክዳ ሶርሳ፣ ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ! ከትምህርት ቤቷ ሁለተኛ! ሶፍያ ጠረጴዛዬ ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት። አቶ ኤልሳዕ ድምፁን ሰምተው መጡ፤ ሲነገራቸው እጄን ጨበጡኝና ወዲያው ወጡ፤ አንገታቸው ሥር ቀልቶ ነበር። ሶርሳ ጋ ደወልኩ። እርሻ ላይ ነበር። ነገርኩት። ከዚያ በሩቁ «ማክዳ! ማክዳ!» ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ የሴቶች እልልታ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጥታ «እኔ ነኝ» አለች። እኔም «አውቄሻለሁ» አልኳት።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። ፈተናው የጀመረበት ቀን፣ ሰኔ ላይ፣ የአንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ተበላ ወርጄ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ልጅቷ ካርዷን ይዛ ስትገባ በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አልነበረኝም። አየኋት። ረጅም ናት፤ ካርዱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ገባች። አባቷ ከአጥሩ ውጭ ከሌሎች ወላጆች ጋር ዛፍ ሥር ቆሟል። ሄጄ ሰላም አልኩትና ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ከዚያም ሁሉንም ነገርኩት፣ ሳላሳጥር።

ሶርሳ ጥሎኝ ሄደ። አጥሩን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆየ። ይሰድበኛል፣ ይገባኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «አንድ ዓመት ሙሉ በቆሎ ስትኮተኩት፣ እኔ ጥፋቱን ከሷ ፈለግኩት። ምን አጥፍተሽ ነው ስምሽን የሰረዙት አልኳት» አለኝ። እትዬ፣ ከስድብ ሁሉ ይኼ ከፋብኝ። ቀጥሎ «ያን ቀን ምን ሆነሽ ነበር? አሞሽ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይ» አልኩት፣ «ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ ተወልዶልን።»

በዱላው መሬቱን ሲጭር ቆየ። «ወንድ ነው ሴት?» አለ። ሴት ናት አልኩት። «ብዙ ጠብቃችሁ ነበር?» ዘጠኝ ዓመት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ለዘጠኝ ዓመትማ ሰው እልል ይላል» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። ልጆቹ ወጥተው እስኪመጡ ድረስ ከዛፉ ሥር አብረን ተቀመጥን።

ይኸው ነው እትዬ። ጠዋት የማላነሳው ለዚህ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ብቻ ተዪልኝ። ከአምስት በኋላ ግን ደውዪ! ክፉም ቢሆን ደጉም ቢሆን ደውዪልኝ፤ የምሥራች ካለሽ ደግሞ ቶሎ አትጨርሺው፣ ተነስቼ እልል የምልበት ጊዜ አለኝ። እንዲያውም የዚያን ጊዜውን የምሥራች ደጋግመሽ ብትነግሪኝ አልጠግበውም። ከዚህ ወዲያ ስለዚህ ነገር አትጠይቂኝ፣ ልብሽም እንዳይከፋ፤ የኛ ደስታ ንጹሕ ነበር።

ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ እመጣለሁ። ጌታ ጉልበትሽን ያጽናው፣ ቤትሽን በሰላም ይሙላው፣ ገበያሽን ይባርክልሽ፣ የልጅ ልጅ ልጅ ያሳይሽ። ለባለቤትሽ፣ ለጎረቤቶችሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ልጅሽን ቤቴልን ሳሚልኝ። ልጇንም አቅፈሽ፣ ከተበላ የተላከላት ምርቃት አለና በጆሮዋ ንገሪልኝ። ሶርሳ ሲሰናበተኝ እጁን ዘርግቶ «ትደግ። ስሟም ከየትም መዝገብ አይጉደል» ብሏታል።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ